ኑክ ወይስ ብሌንደር? ሰሜን ሸዋ ተቀምጦ የቪኤፍኤክስ ሙያ ለሚመርጥ

ባለፈው ጥቅምት አንድ የመንዝ ልጅ ቤቴ መጣ። ከመሐል ሜዳ ነው። እናቱና እናቴ አንድ ማኅበር ስለሚጠጡ ቤቴን ለማግኘት አልተቸገረም። 12ኛ ክፍል ተፈትኖ ውጤት አልመጣለትም። ከዚያ ወዲህ በስልኩ የፊልም ቪዥዋል ኢፌክት፣ በአጭሩ ቪኤፍኤክስ የሚባለውን፣ ሲያይ ከርሟል። ገና ወንበር ሳይዝ፣

«ጋሼ፣ ኑክ ልማር ወይስ ብሌንደር?» አለኝ።

«እናንተ ሰፈር መብራት ሲሄድ ስንት ሰዓት ይቆያል?» አልኩት።

ግራ ገብቶት አየኝ። የቀለድኩበት መስሎታል። እኔ ግን የምሬን ነበር። ኑክም ብሌንደርም የዚህ ሥራ ሶፍትዌሮች ናቸው። እዚህ ሰሜን ሸዋ ተቀምጦ ቪኤፍኤክስ ሙያዬ ይሁን ለሚል ሰው ሶፍትዌር የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ከዚያ በፊት የሚጠየቁ ሁለት አሉ። ከዚህ ሙያ ውስጥ የትኛውን ሥራ ያለሁበት ቦታ ይሸከምልኛል? የትኛውንስ የእኔ ጠባይ ይችለዋል?

ያን ቀን ለእሱ የነገርኩትን ነው የምጽፈው፤ እሱ ከሄደ በኋላ ትዝ ያለኝንም ጨምሬበታለሁ። እኔ ራሴ የተነሣሁት ከሠርግ ቪዲዮ ነው። ዛሬ ደብረ ብርሃን ሆኜ ለክሊፕ፣ ለማስታወቂያ፣ አልፎ አልፎም ለፊልም ኮምፖዚቲንግ እሠራለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ቪኤፍኤክስ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ዘንዶና ፍንዳታ ነው። እኔ እስካሁን አንድም ዘንዶ አልሠራሁም። ያጠፋሁት የኤሌክትሪክ ምሰሶ ግን አንድ ቀበሌ ያበራል። የድሮ ዘመን ታሪክ አንኮበር አካባቢ ይቀረጻል እንበል። ካሜራው ዞር ሲል ምሰሶ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ዲሽ ይገባበታል። ያን ማጥፋት ቪኤፍኤክስ ነው። ተዋናዩ የያዘው ስልክ ላይ መልእክት ማስገባት፣ ከጠመንጃ አፈሙዝ ብልጭታ ማውጣት፣ የተበላሸ ሰማይ መቀየር፣ ግሪን ስክሪን (በሌላ ምስል የሚተካ አረንጓዴ ጨርቅ) ፊት የቆመን ዘፋኝ ገደል አፋፍ ላይ ማቆም፣ ሁሉም ቪኤፍኤክስ ነው። አገር ውስጥ ገንዘብ የሚከፈልበትም በአብዛኛው ይሄ ነው።

ኮምፖዚቲንግ ወይስ ስሪዲ?

ዋናው መንታ መንገድ እዚህ ላይ ነው። ኮምፖዚቲንግ ማለት ለየብቻ የተነሡ ምስሎችን አገናኝቶ በአንድ ካሜራና በአንድ ብርሃን የተነሡ ማስመሰል ነው። ስሪዲ (ባለ ሦስት አቅጣጫ ምስል) ያልነበረውን ከባዶ መሥራት ነው። ቅርጹን ታወጣላችሁ፣ ቆዳውን ትቀባላችሁ፣ ብርሃን ትሰጡታላችሁ፣ በመጨረሻ ሬንደር ታደርጋላችሁ፤ ኮምፒውተሩ አስልቶ ምስሉን እንዲያወጣ ማለት ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከሰዓትና ከኪስ ነው። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ነው። የ5 ሴኮንድ ሾት (ሳይቆረጥ የሚታይ አንድ ቀረጻ) 120 ፍሬም ይሆናል። መካከለኛ ላፕቶፕ ላይ አንዱ የስሪዲ ፍሬም 10 ደቂቃ ቢፈጅ 1,200 ደቂቃ መጣ። 20 ሰዓት ማለት ነው። ደንበኛው «ትንሽ ወደ ግራ አድርገው» ካለ ሌላ 20 ሰዓት። ኮምፖዚቲንግ ላይ ያው 120 ፍሬም ብዙ ጊዜ አንድ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ይወጣል።

መብራቱን የጠየቅኩት ለዚህ ነው። ጀማሪ ሳለሁ አንድ የስሪዲ ሾት በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ፋይል እንዲወጣ አዝዤ ተኛሁ። ሌሊት መብራት ሄደ። ጠዋት ፋይሉ አልከፈት አለኝ። የ16 ሰዓት ሥራ ገደል ገባ። እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ፋይል ሆኖ እንዲቀመጥ አድርጌ ቢሆን ኖሮ፣ መብራት ሲመጣ ከቆመበት ይቀጥል ነበር። ስሪዲ የምትመርጡ ይህቺን ከመጀመሪያው ቀን ያዟት። ቪዲዮ አታውጡ፤ ፍሬም በፍሬም አውጡ፣ ከዚያ ገጣጥሙት።

ያም ቢሆን ሌላ ጣጣ አለው። ለሙያው ደረጃ የሚጠየቀው ፋይል ኢኤክስአር ይባላል። ኢንደስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ የተባለው ስቱዲዮ ለራሱ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2003 ለሁሉም በነፃ የለቀቀው ነው። የብርሃኑን መረጃ ሳይቆርጥ ስለሚይዝ ይወደዳል። ክብደቱ ግን አይጣል ነው። 1920 በ1080 የሆነ አንድ ፍሬም ሳይጨመቅ 16 ሜጋባይት ያልፋል። 120ው ሁለት ጊጋ ይጠጋል። ይሄን በሞባይል ዳታ አዲስ አበባ መላክ ምን እንደሚመስል ለናንተ አልነግርም።

ስለ ሙቀትም አንድ ነገር ልበል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ጣት ያደርቃል፤ ላፕቶፑ ግን ደስ ብሎት ይሠራል። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ግን ቀን ላይ ከባድ ሬንደር አትክፈቱ። ማሽኑ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሌሊት ቢሠራ ይሻለዋል።

ኮምፖዚቲንግን የማስቀድምበት ሌላው ምክንያት ዓይን ነው። ኮምፖዚተር የሚከፈለው ለማየት ነው። በዚህ በኩል ያለንበት አገር በነፃ ያስተምራል። ከተማዋም ስሟን ያገኘችው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ ካዩት ብርሃን ነው ይባል የለ?

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትሄዱ ጣርማ በር ላይ ውረዱ። ጭጋግ ከሌለ አፋፉ ላይ ቆማችሁ ወደ ቆላው ተመልከቱ። አጠገባችሁ ያለው ድንጋይ ጥላው ጥቁር ነው። ቀጥሎ ያለው ሸንተረር ጥላው ግራጫ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። የመጨረሻው ከሰማዩ ለመለየት ያስቸግራል። በዓይናችሁና በተራራው መካከል ያለው አየር ብርሃን ስለሚበትን ነው። ርቀቱ ሲጨምር መጀመሪያ የሚነጣው ጥላው ነው።

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሩቅ ተራራ ላይ ቤት ያስቀምጣል፤ የቤቱ ጥላ እንደ ከሰል ጠቁሮ ይቀራል። ተመልካቹ ስሕተቱን ስም ሊሰጠው አይችልም። ብቻ «ተለጥፏል» ይላል። ስለዚህ ያንን ሸንተረር በስልካችሁ አንሡት። ቤት ገብታችሁ ሶፍትዌሩ ላይ ጠቋሚውን እያንዳንዱ ጥላ ላይ አሳርፉ። የቀዩን፣ የአረንጓዴውንና የሰማያዊውን መጠን በቁጥር ያሳያችኋል። ደብተር ላይ ጻፉት። ጭጋግ ባለበት ቀን ተመልሳችሁ ድገሙት። እኔ ይህን ዓይነት ደብተር አለኝ። ባለቤቴ የዕቁብ መዝገብ መስሏት ታውቃለች።

ታዲያ ስሪዲ ለማን ነው? ልጅ ሆኖ ከጭቃ በሬ ሲሠራ ለዋለ ሰው ነው። ቅርጽ የሚወድ፣ ለአንድ ቀንድ ሁለት ቀን የሚሰጥ ሰው አለ። መብራቱ የማያስቸግረው፣ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው ዴስክቶፕ ያገኘ እንደሆነ እሱን አልከለክልም። ግን ከቀላሉ ይጀምር፤ ማሰሮ፣ ጎጆ፣ አጥር። መንዝ ጓሳ ላይ ጭላዳ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ፣ ነፋሱም ጋማውን ሲያነሣው ካያችሁ ፀጉር ለምን ትልልቅ ስቱዲዮዎችን እንደሚያስለቅስ ይገባችኋል። እያንዳንዱ ዘለላ ይንቀሳቀሳል፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ ጎረቤቱ ላይ ጥላ ይጥላል። ጭላዳውን ለአምስተኛው ዓመት አቆዩት።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ለኮምፖዚቲንግ ይሁን፤ ስሪዲውን በጎን፣ በሳምንት አንድ ቀን። ላፕቶፑ ይችለዋል፣ መብራቱ ይፈቅደዋል፣ ገበያውም እዚሁ አለ።

ሌሎቹ በሮች

ሮቶ ማለት ሰውን ወይም ዕቃን ከበስተኋላው ፍሬም በፍሬም ከርክሞ ማውጣት ነው። የብዙ ስቱዲዮ መግቢያ በር ነበር። ዛሬ ግን አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ በፍጥነት እየበላው ነው። ጠርዝ ምን እንደሆነ ለማወቅ ተማሩት፤ ቤት አትሥሩበት።

ትራኪንግ የካሜራውን እንቅስቃሴ ከምስሉ አስልቶ ማውጣት ነው። ሂሳብ የማይጠላ ሰው ይወደዋል። ጭስ፣ ውኃና እሳት የሚሠሩት ከሁሉ ከባድ ማሽን ይፈልጋሉ፤ እዚህ ሆኖ መጀመር ራስን መቅጣት ነው። ፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ ነው) የሚጽፍ ሰው በሌላ በኩል ሁልጊዜ ይፈለጋል። የትልልቅ ስቱዲዮዎች የውስጥ መሣሪያ በአብዛኛው በፓይተን ነው የሚሠራው። ለዚህ ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ልጅ ከሠዓሊው ይቀድማል።

አንድ የተረሳ በር አለ፤ ቀረጻ ላይ መገኘት። ሌንሱ ስንት እንደሆነ፣ ካሜራው ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንዳለ፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደነበረች የሚመዘግብ ሰው። አገራችን ውስጥ ይህን የሚያደርግ ቡድን ብዙም አላጋጠመኝም። ከዚያ ሁሉም ነገር ኮምፖዚተሩ ጭን ላይ ይወድቃል። አረንጓዴው ጨርቅ ተጨማዶ፣ ተዋናዩ ጨርቁ ላይ ተለጥፎ ቆሞ፣ ፊቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ይመጣል። ሁለት ሦስት ሜትር ወደፊት ፈቀቅ ቢል ግማሹ ችግር አይኖርም ነበር። ሰው የማያፍሩና መናገር የሚችሉ ልጆች ይህን በር ያንኳኩ።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ

ልጁ የጠየቀኝ ይሄን ስለነበር ሳልመልስለት አልሸኘሁትም።

ኑክ የትልልቅ ስቱዲዮዎች ቋንቋ ነው። በነፃ የሚሰጠው ቅጂ ለመማሪያ ብቻ ነው። ለተከፈለበት ሥራ አይፈቀድም፤ ከ1920 በ1080 በላይም አያወጣም። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነፃው ቅጂ ውስጥ ፉዥን የሚባል የኮምፖዚቲንግ ክፍል አለው፤ በእሱ ሠርቶ መሸጥ ይቻላል። አፍተር ኢፌክትስን አዲስ አበባ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ክፍያው ግን ወርኃዊና በውጭ ምንዛሪ ነው። «ክራክ አለ አይደል?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አለ። ቫይረሱም አለ። ፕሮጀክቱን የሰጣችሁ የውጭ ደንበኛ ፈቃዱን ቢጠይቃችሁ ደግሞ የምትመልሱት የለም።

ትልቁ ልዩነት በአሠራሩ ነው። አፍተር ኢፌክትስ ምስሎችን እንደ መሶብ እንጀራ ይደራርባል። የታችኛውን ለብቻው ለማየት የላዩን መደበቅ አለባችሁ። ኑክና ፉዥን በኖድ ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ ሥራ አንድ ሣጥን ነው፣ ሣጥኖቹ በመስመር ይያያዛሉ። የጀማን ወንዝ አስቡት። ገባሩ ሁሉ ከየሸለቆው ይመጣና ይቀላቀላል፤ ወደ ዓባይ የሚወርደው ውኃ ከደፈረሰ የትኛው ገባር እንዳደፈረሰው ወደ ላይ ሄዶ ማየት ይቻላል። ሾቱ ሲወሳሰብ ይሄ ያድናል። ፉዥን ላይ የለመደ ሰው ኑክ ሲያይ አይደነግጥም።

ብሌንደር እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ነፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በምርጥ አኒሜሽን ፊልም ዘርፍ ኦስካር የወሰደው የላትቪያ ፊልም የተሠራው በእሱ ነው። «ነፃ ስለሆነ ደካማ ነው» የሚላችሁ ካለ ይሄን ንገሩት። ሁዲኒ ለጭስና ለውኃ ነው። ነፃው ቅጂ ምስሉ ላይ ምልክት ያሳርፋል። ለጊዜው እለፉት።

ለእኔ ስለዚህ፣ ፉዥን ለእንጀራ፣ ብሌንደር ለወደፊት፣ ኑክ ፉዥን እጅ ውስጥ ሲገባ። ልጁ ፊቱ ትንሽ ጠቆረ። ኑክ የሚለው ስም ሳይማርከው አልቀረም።

የት ሆኖ?

አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ናት። መንገዱ ሰላም ከሆነ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ይህን ቅርበት እንደ ሀብት ቁጠሩት። አዲስ አበባ ቤት ኪራይ ደመወዝ ይበላል። በምትኩ የምታገኙት ሰው ነው፤ አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ «ይሄ ጠርዝ ይበጣጠሳል» የሚላችሁ ሰው። ከዩቲዩብ የማይገኘው እሱ ብቻ ነው። እኔ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሠርቼ ተመለስኩ። አልጸጸትም፤ መሄዴም መመለሴም ልክ ነበር።

ደብረ ብርሃን ላይ መቆየት ወጪው ይቀላል። ጉዳቱ ኢንተርኔቱ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ በመስመር ላይ ሥራ የሚኖሩ ልጆች ምን እንደሆኑ አይተናል። እኔ ሃርድ ዲስክ በቦርሳ ይዤ አዲስ አበባ እመላለስ ነበር። እዚህ የምትቆዩ ከሆነ አንድ ትልቅ ሃርድ ዲስክና አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ከአዲስ ስልክ ይቅደም። ትምህርቶቹንም ኔትወርክ ሲኖር አውርዳችሁ አስቀምጡ።

ዩኒቨርሲቲስ? ውጤት ከመጣላችሁ ግቡ። እዚሁ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር እየተማሩ ማታ ማታ ብሌንደር የሚሠሩ ልጆች የሁሉንም በር ቁልፍ ይይዛሉ። ሁሉም ግን አይገባም። በ2015 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ሙያ ዲግሪ አይጠይቅም፤ ሾውሪል ነው የሚጠይቀው፤ የሠራችሁትን የምታሳዩበት አጭር ቪዲዮ። እንግሊዝኛ ግን ይጠይቃል። ይህን ለልጁ ስነግረው አንገቱን ደፋ።

የባሕር ማዶው ሕልም ደግሞ አለ፤ ለንደን፣ ቫንኩቨር፣ ዌሊንግተን። አልከለክልም፤ ግን ዓይናችሁን ገልጣችሁ ተመልከቱት። እ.ኤ.አ. በ2013 ሪዝም ኤንድ ሂውስ የተባለው ስቱዲዮ ከሰረ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በሠራው ፊልም ለቪዥዋል ኢፌክት ኦስካር አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ2023 የሆሊውድ ጸሐፊዎችና ተዋንያን አድማ ሲመቱ ብዙ የቪኤፍኤክስ ሠራተኛ ቤቱ ዋለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ደግሞ ኤምፒሲና ዘ ሚል የተባሉትን ስቱዲዮዎች የያዘው ቴክኒከለር ወድቆ ብዙ ሺህ ሰው ሥራ አጣ። ሥራው ግብር ወደሚቀንስ አገር ይሄዳል፤ ሠራተኛው ሻንጣውን ይዞ ይከተለዋል። እዚያ ለመግባት ቤት ሸጦ ትምህርት ቤት መክፈልን አልመክርም። ሾውሪላችሁ ከጠራችሁ ሂዱ።

በርቀት ለውጭ መሥራት መካከለኛው መንገድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ኮምፒውተር የሚገዛ አልቅሷል፤ በዶላር የሚከፈለው ስቋል። ሥራውን ከመቀበላችሁ በፊት ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚገባ ጠይቁ፤ ከጨረሳችሁ በኋላ አይደለም።

ገንዘብን ካነሣን አንዴ የተበላሁትን ልንገራችሁ። ለአንድ የማስታወቂያ ድርጅት የ30 ሴኮንድ ሥራ ያዝኩ። በቃል ነበር። 11 ጊዜ «ትንሽ አስተካክልልን» አሉኝ። ክፍያው የመጣው ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ እሱም ተቆርጦ። ከዚያ ወዲህ ግማሹን ቀብድ ሳልቀበል ፋይል አልከፍትም። ማስተካከያ ሦስት ጊዜ ነው፤ አራተኛው ይከፈልበታል። በጽሑፍ። ዘመድም ቢሆን።

ሾውሪል ከ90 ሴኮንድ አይብለጥ። ከሁሉ የሚበልጠው ሾት መጀመሪያ ላይ ይሁን፤ የሚያየው ሰው መጨረሻውን ላያይ ይችላል። እያንዳንዱ ሾት ከመሠራቱ በፊትና በኋላ ምን እንደሚመስል አሳዩ፤ የናንተ እጅ የቱ ላይ እንደሆነም ጻፉ። ካወረዳችሁት ቴምፕሌት የወጣ እሳት አታስገቡ። ያን እሳት ሁላችንም እናውቀዋለን።

ልጁ ሊሄድ ሲነሣ የቤት ሥራ ሰጠሁት። አንድ ሾት፣ በስልኩ፣ ካሜራው ሳይንቀሳቀስ። አንድ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ያጥፋ። ሌላ ምንም።

ከሁለት ወር በኋላ በቴሌግራም ላከልኝ። ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ ዳር የቀረጸው ነው። ሣሩ በነፋስ ይተኛል፤ ሁለት በጎች ያልፋሉ። ሽቦው የለም። ምሰሶው የነበረበትን ቦታ ፈልጌ አጣሁት፤ ሰማዩ ንጹሕ ነው፣ ጠርዙ ንጹሕ ነው። ደስ አለኝ። ሻይ ላስቀዳ ተነሥቼ ተመለስኩና አንዴ ደግሜ አየሁት።

የምሰሶው ጥላ ሣሩ ላይ ተጋድሟል።

«ጥላውስ?» ብዬ ጻፍኩለት። ወዲያው አነበበው። ለረጅም ጊዜ ምንም አልመለሰም። ማታ ላይ «ጋሼ፣ መብራት ይምጣና» የሚል መጣልኝ።